የፍሬን ሸራ ስትገዙ ጠርዙን አንብቡ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የተቃጠለ ሸራ ሽታን ያውቀዋል። ርካሹን የውጭ ልግዛ ወይስ እዚሁ በአሮጌው ብረት ላይ ላስለጥፍ ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት የሸራውን ጠርዝ ወይም ጀርባ እዩ። እዚያ ከታተመው ኮድ መጨረሻ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ሸራው በተለመደው የሥራ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ በጣም ከጋለ በኋላ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። በሰበቃ መጠን (ቁጥሩ ሲያድግ ይበልጥ ይይዛል) ኢ (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) እስከ 0.45፣ ጂ (G) እስከ 0.55 ነው።

ለሐረጎ ዋናው ሁለተኛው ፊደል ነው። «ኤፍ ኢ» ከሆነ ሲግል ይደክማል፤ እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አላስገጥመውም። «ኤፍ ኤፍ» በጣም ይሻላል። የሚለጠፈውንም ቢሆን ሙጫ ሳይነካው ጠርዙን አሳዩኝ በሉ። ፊደል የሌለውን ተዉት፣ የትም ይሠራ የት።

ፊደሉ ግን ሸራው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አይነግራችሁም። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ላይም ሊታተም ስለሚችል ከምታምኑት ሱቅ ግዙ። የውድድር መኪና ሸራ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁም ለከተማ እንዳታስገጥሙ። ብዙዎቹ ካልጋሉ በደንብ አይዙም፤ በደሴ ብርድ ጠዋት የመጀመሪያዋ ፍሬን ላይ ያስደነግጣችኋል።