የኮረብታን እውነተኛ አናት በሌዘር ቅየሳ ስንፈልግ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ጦሳን ከደሴ ከተማ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ተራራው አንድ ወጥ ግድግዳ ይመስላል። ሸንተረሩ ላይ የወጣ ሰው ግን ከፍታቸው የተቀራረበ ጉብታዎች ስለሚጠብቁት የመጨረሻው ጫፍ የትኛው እንደሆነ በዓይን መፍረድ ይቸግረዋል። ከድሮን ወይም ከአውሮፕላን የሚካሄድ የሌዘር ቅየሳ (ጨረር ልኮ በምላሹ ርቀትን የሚለካ ዘዴ) ለዚህ ጥያቄ እጅግ ጥሩ መልስ ይሰጣል፤ መረጃው በጥንቃቄ ካልተነበበ ግን ትክክለኛ የሚመስል የተሳሳተ ነጥብ ያወጣል። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ላሉ ኮረብቶች ይህን ሥራ የሚሠሩ ቀያሾችና ተማሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

ምልክት፦ አናት ተብሎ የወጣው ነጥብ ደን ውስጥ ወድቋል፤ ቦታው ላይ ሲደረስም መሬቱ ከአጠገቡ ካለው ጉብታ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

መንስኤው ዛፉ ነው። ከላይ የተላከ አንድ የሌዘር ጨረር ከፊሉ ከዛፉ ጫፍ፣ ከፊሉ ከቅርንጫፍ፣ የቀረው ደግሞ ከመሬት ነጥሮ ስለሚመለስ ሶፍትዌሩ የመጀመሪያውን ምላሽ ከወሰደ የሚለካው የዛፉን ቁመት ጨምሮ ይሆናል። የዮጎፍ ጽድም ሆነ በጦሳ ዳገት ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ በሁለት ጉብታዎች መካከል ካለው የከፍታ ልዩነት በላይ ሊረዝም ስለሚችል አሸናፊውን በቀላሉ ይለውጠዋል።

መፍትሔው የነጥቦቹን ምድብ መመልከት ነው። የሌዘር ነጥቦች በሚቀመጡበት የላስ (LAS) ፋይል ውስጥ መሬት 2፣ ረጅም ዕፅዋት 5፣ ሕንፃ ደግሞ 6 የሚል ቁጥር ስለሚሰጣቸው በመጀመሪያ 2 የሚለውን ብቻ አስቀርቶ የከፍታ ሞዴሉን (ከነጥቦቹ የሚሠራውን የከፍታ ካርታ) እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ከዚያም በተጠረጠረው አናት ላይ 2 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ወስዶ ከጎን ማየት ይጠቅማል፤ የዛፉ ነጥቦች ከላይ ተበታትነው፣ የመሬቱ ደግሞ ከሥራቸው ቀጭን መስመር ሠርተው ይታያሉ። ያ መስመር በአናቱ ላይ ከተቋረጠ ጨረሩ መሬት አልደረሰም፤ በሞዴሉ ላይ የሚታየው ከፍታም ሶፍትዌሩ ከዳርና ከዳር ተነሥቶ በግምት የሞላው ነው። እንዲህ ያለውን ከፍታ ማንም ሰው ተለክቷል ብሎ ሊመዘግበው አይገባም። በረራውን ዝቅ ባለ ከፍታና በተቀራረቡ መስመሮች መድገም፣ ካልሆነም ቦታው ድረስ ሄዶ መለካት ግድ ይላል።

ምልክት፦ ሁሉም የሚያውቀው ቋጥኝ ያለበት ጫፍ በሞዴሉ ላይ ተላጭቶ ጠፍጣፋ ሆኗል።

ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ሲሆን በእኔ አስተያየት የባሰው ነው፤ ዛፍ የፈጠረውን ስሕተት ቦታው ላይ የደረሰ ሁሉ ያየዋል፣ የተሰረዘን ቋጥኝ ግን በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ሰው ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። መሬትን ከዕፅዋት የሚለየው ማጣሪያ በድንገት ቀጥ ብሎ የሚነሣን ነገር ሁሉ እንደ ዛፍ ወይም እንደ ቤት ስለሚቆጥር እንደ አዝዋ ገደል ያለ ገደላማ ቦታ ላይ እውነተኛውን ድንጋይ ያስወግዳል።

ድንጋይን ከቁጥቋጦ ለመለየት የእያንዳንዱን ጨረር የምላሽ ብዛት ማየት ጥሩ ዘዴ ነው። ቋጥኝ ጨረሩን ስለማያሳልፍ አንድ ምላሽ ብቻ ይሰጣል፤ ቅጠልና ቅርንጫፍ ግን ብዙ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ይመልሳሉ። ከመሬት ምድብ ውጭ የቀሩት ነጥቦች ነጠላ ምላሽ ያላቸውና ተጠጋግተው የተቀመጡ ከሆነ የማጣሪያውን የተዳፋት ገደብ ከፍ አድርጎ እንደገና ማስኬድ፣ ወይም ነጥቦቹን በእጅ ወደ መሬት ምድብ መመለስ ይገባል።

ምልክት፦ የሞዴሉ ከፍተኛ ፒክስል ከጥሬ ነጥቦቹ ከፍተኛው ያንሳል።

ፒክስል፣ ማለትም የሞዴሉ አንድ ትንሽ ካሬ፣ የአካባቢውን ነጥቦች አማካይ ወይም ግምት ስለሚይዝ ሹል ጫፍ ይቆረጣል። ሞዴሉ ቦታውን ለመጠቆም ይበቃል፤ የመጨረሻው ቁጥር ግን ከጥሬ የመሬት ነጥቦች መወሰድ አለበት። ብቻውን አየር ላይ የተንጠለጠለ ነጥብ ወፍ ሊሆን ስለሚችል ጎረቤቶቹ ካልደገፉት ይተው።

ምልክት፦ ከፍታዎቹ በሙሉ ከታወቀው ቁጥር በተመሳሳይ መጠን ይለያያሉ፣ ወይም አናቱ በወረቀት ካርታው ላይ ዳገት ላይ ይወድቃል።

የከፍታው ልዩነት የሚመጣው የሳተላይት አቀማመጥ መለኪያ ከፍታን ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው ለስላሳ የሒሳብ ገጽ) ስለሚቆጥር፣ ከባሕር ወለል በላይ የምንለው ቁጥር ደግሞ ከጂኦይድ (የመሬት ስበት ከሚወስነው አማካይ የባሕር ወለል) ስለሚነሣ ነው። ሁሉንም መረጃ እንደ ኢጂኤም 2008 ባለ አንድ የጂኦይድ ሞዴል ማስተካከል ችግሩን ያስወግዳል። የተቀራረቡ ሁለት ጫፎችን ለማወዳደር ግን ይህ ስሕተት ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ውጤቱን አያዛባም። የአቀማመጡ ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ የቆዩት ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን መነሻ (አቀማመጥ በሚቆጠርበት የቆየ ሥርዓት) ሲሆን የዛሬው ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84ን ይከተላል፤ ሁለቱ ሳይቀየሩ ከተደራረቡ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይርቃል። ሶፍትዌሩ ላይ ዞን 37 ሰሜንን (አካባቢው የሚገኝበትን የካርታ ክፍል) መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ መነሻውም በትክክል መሰየም አለበት።

ምልክት፦ በነፃ ከሚገኘው የሳተላይት ሌዘር የተወሰደው ከፍታ ከአናቱ ጋር አይገጥምም።

ጌዲ (GEDI) የተባለው በጠፈር ጣቢያ ላይ የተገጠመ የሌዘር መሣሪያ መሬት ላይ የሚያርፍበት ክብ ወደ 25 ሜትር ስፋት አለው፤ በ30 ዲግሪ ዳገት ላይ የዚህ ክብ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ በ14 ሜትር ይለያያሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጠቀው አይስሳት 2 የተባለው ሳተላይት ክቡ ቢጠብም የሚለካው በመስመሮቹ ሥር ያለውን ብቻ ነው፤ አናቱ ከመስመሩ ውጭ ከሆነ አያየውም። እነዚህን መረጃዎች ሜዳማ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ዝርግ መሬት፣ የራስን ሞዴል ለመፈተሽ መጠቀም ያዋጣል፤ አናት ለመፈለግ ግን አልተሠሩም።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ሁለት ጉብታዎች በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ይለያያሉ።

ጥሩ የድሮን ሌዘር እንኳ 10 ሴንቲሜትር ያህል ሊሳሳት ስለሚችል ከዚህ በኋላ ከኮምፒውተሩ መልስ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሌቭል (አግድም መስመር የሚያሳይ የቀያሽ መነጽር) ይዞ መውጣት ይገባል። መሣሪያው ከሁለቱ ጉብታዎች እኩል ርቀት ላይ ይተከላል፤ ርቀቱ እኩል ሲሆን የመሣሪያው የራሱ ዝንባሌ የሚያመጣው ስሕተት ይሰረዛል። ስታፉ (ቁጥር የተጻፈበት የመለኪያ ዘንግ) በተራ በሁለቱም ላይ ይቆማል፤ ንባቡ ያነሰበት ነጥብ ከፍ ያለው ነው። የድንጋይ ክምር ወይም የማማ መሠረት ካለ ስታፉ ከአጠገቡ በሚገኘው የተፈጥሮ መሬት ላይ እንዲቆም ማድረግና ይህንኑ መጻፍ ያስፈልጋል። መሣሪያውን አንሥቶ እንደገና በመትከል ንባቡ ይደገማል፤ ሁለቱ ዙሮች የተለያየ ጉብታ ከመረጡ ሁለቱም ነጥቦች ከነአቀማመጣቸው፣ ከነመነሻቸውና ከስሕተት መጠናቸው ጋር እኩል ተብለው ይመዘገባሉ።