የደምቢያ ሽምብራ እስከ ክረምት እንዲቆይ፦ ገበሬ፣ ተመራማሪና ነጋዴ አብረው የሚያካሂዱት የማከማቻ ሙከራ

ጣና ሐይቅ ዳር ባለው የደምቢያ ዋልካ መሬት ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ምርቱ ጥርና የካቲት ላይ አውድማ ይገባል። ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ይዞ የቆየ ደግሞ ክረምት ላይ ጎታውን ሲከፍት ነቀዝ የበሳው እህል ይጠብቀዋል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት (ፒክስ የሚባለው) ይህን ችግር በብዙ አገር አቃሏል። ነገር ግን እዚያው ደምቢያ ያለው የቆላ ድባ ገበሬ ገንዘቡን የሚያወጣው በራሱ ቤት፣ በራሱ እህል ተሞክሮ ሲያይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ፣ ከግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር የሚነሳ ቡድን ሙከራውን በሚከተለው መንገድ ሊያካሂደው ይችላል።

ታኅሣሥ ላይ፦ ምን እንደሚለካ መስማማት

እህሉ ከመወቃቱ በፊት ሦስት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ። ገበሬው ስንት ኪሎ እንደሚተርፈውና ዘሩ ይበቅል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ጎታውን የምትይዘው እመቤት ክኩ በቶሎ መብሰሉን፣ ሽሮው መድኃኒት መድኃኒት አለመሽተቱን ትፈልጋለች። ነጋዴው ደግሞ ቀዳዳ ያያል። ሦስቱም መለካት አለባቸው፤ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና በቁጥር እንየው።

ከአንድ ናሙና 500 ፍሬ ቆጠራችሁ እንበል። 400ው ደህና ሆኖ 48 ግራም፣ 100ው የተበሳ ሆኖ 10 ግራም መዘነ። የተበሳው 20 ከመቶ ነው። የክብደት ብክነቱን ለማግኘት የደህናውን ክብደት በተበሳው ቁጥር ታባዛላችሁ፤ 4,800 ይሆናል። የተበሳውን ክብደት በደህናው ቁጥር ስታባዙ 4,000 ይመጣል። ልዩነቱን 800ን ለደህናው ክብደትና ለጠቅላላው ፍሬ ብዜት፣ ማለትም ለ24,000 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 3.3 ከመቶ ታገኛላችሁ። ተመራማሪው «የጠፋው 3 ከመቶ ብቻ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ነጋዴው ከአምስት ፍሬ አንዷ የተበሳችበትን እህል ወይ በእርካሽ ይጠይቃል ወይ ይመልሳል። ገበሬውን የሚጎዳው ይኸኛው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይመዝገቡ።

በዚያው ስብሰባ አንድ ገጽ ስምምነት በአማርኛ ይጻፍ፦ እህሉ የገበሬው መሆኑ፣ በሙከራው ምክንያት ቢበላሽ ማን እንደሚተካለት፣ ውጤቱ ከመስከረም ዘር በፊት እንደሚነገረው። መተካቱ በቃል ብቻ ከቀረ ቤተሰቡ ለሙከራ የሚሰጠው ደከም ያለውን እህል ነው፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

የካቲት ላይ፦ መክፈል፣ ማድረቅ፣ ማሰር

15 አባወራና እማወራ ያዙ፤ አንዳንዱ በመሀል ስለሚሸጥ ወይም ስለሚበላ 12 ቢተርፍ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ኩንታል ሽምብራ በሸራ ላይ ይፈስና በአካፋ ሦስት ጊዜ ተገላብጦ ለአራት እኩል፣ 50 50 ኪሎ ይከፈላል። ሳይደባለቅ ከተከፈለ አንዱ ከረጢት የአንድ ማሳ፣ ሌላው የሌላ ማሳ እህል ይይዝና ልዩነቱ ከከረጢቱ ይሁን ከእህሉ መለየት አይቻልም። ሁለቱ ክፍል ገበሬው እንደ ወትሮው በሚጠቀምበት የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሁለቱ በፒክስ ይገባሉ። ከየዓይነቱ አንዱ ግንቦት መጨረሻ፣ ሌላው ነሐሴ 20 ይከፈታል። ማወዳደሪያው የገበሬው የራሱ ልማድ ይሁን። ማንም በማይጠቀምበት ዘዴ ቢወዳደር መልሱ ለማንም አይጠቅምም።

እርጥበቱ ከ12 ከመቶ መብለጥ የለበትም። መለኪያ እስኪመጣ በጨው መገመት ይቻላል፦ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን እህል ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ነቅንቁና ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 ከመቶ በላይ ነው፤ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ይድረቅ። ይህ ዘዴ 12ን ከ14 ስለማይለይ ለመዝገብ የሚገባው ቁጥር ከመለኪያ መሣሪያ የተገኘው ብቻ ነው። እርጥብ እህል አየር በሌለበት ከታሰረ ነቀዙ ቢሞት እንኳ እህሉ ይሻግታል።

ከረጢቱን ከመሙላታችሁ በፊት ሁለቱንም የውስጥ ላስቲኮች በአየር ነፍታችሁ አፋቸውን ያዙና ጨመቅ አድርጉ፤ ከተነፈሰ ቀዳዳ አለው። እህሉ ከገለባና ከስንጥር የጠራ ይሁን፤ ላስቲኩን በብዛት የሚበሳው ስንጥር ነው። እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፣ ለማሰሪያ አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ አስተርፉ። የመጀመሪያውን ላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ ጠምዝዙ፣ እጠፉ፣ በካላማዳሪ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ከዚያ የውጪው። ግማሽ ጎዶሎ ከረጢት ብዙ አየር ስለሚይዝ ነቀዙ ቶሎ አይታፈንም። በደንብ ከታሰረ ግን ነቀዙ ራሱ በመተንፈስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ መብላት ያቆማል፣ ከምግቡ የሚያገኘው ውኃ ተቋርጦበት ደርቆ ይሞታል።

ከረጢቶቹ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በርብራብ ላይ ይቀመጡ፤ አይጥ ትልቅ ጠላት ናት። በእያንዳንዱ ላይ የቤቱ ቁጥር፣ ዓይነቱና የመክፈቻው ቀን ይጻፍ። ቤተሰቡ ከሙከራው ከረጢት እየቀነሰ እንዳያበስል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እናንተም ነጋዴው ናሙና በሚያወጣበት መውጊያ ከረጢቱን እንዳትወጉት፤ አንድ ጊዜ ከተበሳ ሙከራው አበቃ።

ጋዝ እያወጣ ነቀዝ ስለሚገድለው የፎስፊን እንክብል አጥብቀን የምንለው አለ፦ ሰው በሚተኛበት ቤት አይቀመጥ። ጋዙ ይገድላል። በሙከራው እህል ላይም ምንም መድኃኒት አይጨመር፤ ነቀዙን የገደለው ከረጢቱ ይሁን መድኃኒቱ መለየት አይቻልምና።

በማሰሪያው ቀን ከእያንዳንዱ ቤት ግማሽ ኪሎ በብርጭቆ ዕቃ አድርጋችሁ በስስ ጨርቅ ሸፍኑ። ነቀዝ ከማሳ ጀምሮ በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ሊገባ ይችላል፤ ከወር እስከ ወር ተኩል ባለው ጊዜ የሚወጣውን ስትቆጥሩ መነሻው ላይ ምን ያህል እንደነበረ ታውቃላችሁ።

ሲከፈት

ቤተሰቡ፣ የልማት ሠራተኛውና ተመራማሪው ባሉበት ይከፈት። እህሉ በሸራ ላይ ፈስሶ ይደባለቅ፣ አራት ቦታ ይከፈል፣ ተቃራኒዎቹ ሁለት ክፍሎች ይወሰዱ፤ አንድ ኪሎ እስኪቀር ይደጋገም። ከላይ ብቻ ማፈስ ያሳስታል። ከዚያ 500 ፍሬ ይቆጠራል፣ ይመዘናል። የነሐሴው ናሙና በተጨማሪ 400 ፍሬ፣ በመቶ በመቶ ተከፍሎ፣ በእርጥብ አሸዋ ይብቀል፤ በስምንተኛው ቀን የበቀለው ይቆጠር። ከየናሙናው ለእመቤቲቱም ስጧት፤ የዘፈዘፈችበት፣ የጣደችበትና ያወጣችበት ሰዓት ይጻፍ።

ለጎንደር ነጋዴዎች የምታሳዩት ናሙና በቁጥር ብቻ የተሰየመ ይሁን። የትኛው ከየትኛው ከረጢት እንደመጣ ሳይነገራቸው ቢያንስ ሦስት ነጋዴዎች ለየብቻ ዋጋ ይስጡ። ከየካቲት ጀምሮ የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ይመዝገብ፤ ጾም ሲገባ የሽሮ ፈላጊ ስለሚበዛ የፍልሰታ ሳምንታት እንዳያመልጧችሁ። የከረጢቱ ወጪ በኪሎ የሚሰላው ዋጋውን ለሚይዘው ኪሎና ለሚያገለግልበት ዓመት ብዜት በማካፈል ነው። ባለ 100 ኪሎ ሁለት ዓመት ካገለገለ ዋጋው ለ200 ይካፈላል። ይህ ቁጥር በየካቲትና በነሐሴ ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ካልበለጠ ከረጢቱ ራሱን ችሏል፤ ከበለጠ ደግሞ ለገበሬው በግልጽ ይነገረው።

የመጨረሻው ስብሰባ ጳጉሜን ላይ ይሁን። ላስቲኩ የተቀደደባቸውና አይጥ የገባባቸው ከረጢቶችም ይምጡ፤ ቀዳዳው የት እንደሆነ ሁሉም በእጁ ይዳስስ። ዘሩ የበቀለለትና ያልበቀለለት ቤተሰብ እዚያው ተለይቶ ይነገረው፣ ያልበቀለለት ለመስከረም ዘር ከሌላ እንዲፈልግ ጊዜ ያገኛል።