ማይል በቦነስ ሲሸጥ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ አስሉት

ማይል ማለት ኤርላይኖች ለደንበኛ የሚሰጡት ወይም የሚሸጡት፣ አካውንት ውስጥ ተጠራቅሞ ቲኬት የሚቆረጥበት ነጥብ ነው፣ ቦነሱ ደግሞ በገዛችሁት ላይ የሚጨምሩላችሁ ማይል። ኤርላይኖቹ ሲሸጡት የሚልኩትን ኢሜይል ታውቁታላችሁ። "እስከ 100% ቦነስ፣ ዛሬ ሌሊት ያበቃል" ይላል። እኔ አንዴ ለስድስት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የት እንደምሄድ መቼ እንደምሄድ ሳላውቅ ከአንድ ኤርላይን 50 ሺ ማይል ገዛሁ፣ ይቀመጥ አይከፋም ብዬ ነው እንግዲህ፣ ከዛ ስመለስበት የምፈልገው በረራ በማይል ዋጋው ጨምሮ ያለኝ አልበቃ አለኝ። ከዛ ወዲህ ኢሜይሉ ሲመጣ የማደርገውን ልጻፍላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ዲሲ አካባቢ ሆናችሁ ወደ አዲስ አበባ ለምትመላለሱ።

1. መጀመሪያ ወንበሩን ፈልጉ

ማይል ከመግዛታችሁ በፊት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ በማይል የሚለውን መርጣችሁ የምትሄዱበትን ቀን ፈልጉ። ሰው ይሄን ነው የሚዘለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታህሳስ 2004 (በፈረንጅ ዲሴምበር 2011) ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የኤርላይኖች ህብረት ውስጥ ስላለ፣ በዩናይትድ ማይል ወይም ኤሮፕላን በሚባለው የኤር ካናዳ ፕሮግራም ማይል ከዲሲው ደለስ ኤርፖርት ቦሌ የሚሄደውን አውሮፕላን መቁረጥ ይቻላል፣ ግን ማንኛውም ኤርላይን ለሌላው ኤርላይን ደንበኞች የሚለቀው ጥቂት ወንበር ነው። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ መርፌ ከጭድ ውስጥ መፈለግ ነው። ወንበር ሳያዩ ማይል መግዛት ታክሲ የማይመጣበት ሰልፍ ላይ ቆሞ ሂሳብ አስቀድሞ እንደመክፈል ነው። ካገኛችሁ ሁለት ቁጥር ጻፉ፣ ስንት ማይል እንደሚጠይቅ እና ከላዩ ላይ ስንት ዶላር ታክስ እንዳለው። ካላገኛችሁ በቃ፣ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብም አያስፈልጋችሁም።

2. የአንዷን ማይል ዋጋ አውጡ

ቦነሱን እርሱትና ከካርዳችሁ የሚወጣውን ጠቅላላ ብር አካውንታችሁ ውስጥ ለሚገባው ጠቅላላ ማይል አካፍሉት። እንበል አንዷ ማይል ያለ ቦነስ 3.5 ሴንት ናት። 50 ሺ ማይል 1,750 ዶላር መጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ማይል ሲገዛ ደግሞ 7.5% የፌደራል ታክስ አለ፣ ስለዚህ 1,881 ዶላር። መቶ ፐርሰንት ቦነስ ካገኛችሁ 100 ሺ ማይል ይገባላችኋል፣ አንዷ 1.88 ሴንት ገባች ማለት ነው።

ግን "እስከ" የምትለዋን ቃል አያችኋት? ብዙ ጊዜ መቶው የሚሰጠው ብዙ ለሚገዛ ነው፣ ትንሽ ለሚገዛ 40% ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አንዷ ማይል 2.69 ሴንት ሆነች። ሰውን ወደ ላይ የሚገፋው ይሄ ነው፣ 20 ሺ የሚበቃው ሰው "ትንሽ ብጨምር ቦነሱ ያድጋል" ብሎ 60 ሺ ይገዛል። ሌላው፣ አንዳንዱ ቦነስ ሌላው ቅናሽ እያለ ነው የሚሸጠው፣ ሁለቱ እኩል አይደሉም። 60% ቦነስ ከ40% ቅናሽ የበለጠ ይመስላል አይደል? አስሉት፣ በቅድሙ ዋጋ ከታክሱ ጋር ቅናሹ 2.26 ሴንት ሲሆን ቦነሱ 2.35 ነው።

3. ከካሽ ቲኬቱ ጋር አፋጡት

የምሰጣችሁ ቁጥር ለምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን ቀን ዋጋ አስገቡበት። ኢኮኖሚ ደርሶ መልስ በካሽ 1,350 ዶላር ነው እንበል፣ በማይል ደግሞ 88 ሺ እና 120 ዶላር ታክስ። 88 ሺውን በ1.88 ሴንት ስትገዙት 1,654 ዶላር ነው፣ ታክሱ ሲጨመር 1,774። ያውም በትልቁ ቦነስ! 424 ዶላር ኪሳራ ገብታችሁ ነው "ነጻ ቲኬት" የምትሉት። በዛ ላይ በካሽ የተገዛ ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ ማይል ያስገኛል፣ በማይል የተቆረጠው አያስገኝም።

ቢዝነስ ክላስ ሲሆን ስሌቱ ይገለበጣል። ካሹ 5,200፣ በማይል 176 ሺ ቢሆን፣ ማይሉ 3,309 ከታክሱ ጋር 3,429 ይመጣል፣ 1,771 ዶላር ልዩነት አለው። ግን እራሳችሁን እውነት ጠይቁ፣ 5,200 ከፍላችሁ ቢዝነስ ትገቡ ነበር? ካልሆነ 1,771 አተረፍኩ ማለት ቀልድ ነው፣ በ1,350 ኢኮኖሚ መሄድ ስትችሉ ከሁለት ሺ ዶላር በላይ ጨምራችሁ ነው ያወጣችሁት። እኔ ለራሴ አላደርገውም። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ብትሆን ግን፣ አስራ ምናምን ሰዓት እግሯን ዘርግታ እንድትመጣ፣ አንዱን መንገድ ሳላቅማማ እገዛለሁ።

4. የጎደለ መሙላት ከሆነ ሌላ ነው

ማይል መግዛት ያለ ብዙ ክርክር የሚያዋጣው እዚህ ጋ ነው። 36 ሺ ማይል አላችሁ፣ ያገኛችሁት ወንበር 44 ሺ ይጠይቃል። የጎደለው 8 ሺ ቦነስ እንኳን ሳይኖረው በ3.76 ሴንት (የቅድሙ 3.5 ከ7.5% ታክሱ ጋር) 301 ዶላር ነው፣ የአንድ መንገድ ካሹ 750 ከሆነ ምን ትጠብቃላችሁ። ከዛ በፊት ግን የክሬዲት ካርድ ፖይንት ካላችሁ እሱን እዩ፣ አንዳንድ የቼዝ ባንክ ካርዶች ፖይንታቸው ወደ ዩናይትድ 1 ለ 1 ይዞራል፣ ያለምንም ክፍያ።

5. ክፈል የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት

አንዴ ከተገዛ ብሩ አይመለስም። ማይሉም ወዲያው ላይገባ ይችላል፣ አንዳንዴ ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፣ እስከዛ ያያችሁትን ወንበር ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሶስት የሚሆናችሁ ቀን ይኑራችሁ። አዲስ የተከፈተ አካውንት ወዲያው እንዳይገዛ የሚከለክሉም አሉ። የብዙዎቹን ኤርላይኖች ማይል የሚሸጠው ፖይንትስ የሚባል ሌላ ድርጅት ስለሆነ ባንካችሁ እንደ በረራ ወጪ ላይቆጥረው ይችላል፣ ለጉዞ ተጨማሪ ፖይንት የሚሰጥ ካርድ አለኝ ብላችሁ እሱን ስሌት ውስጥ አታስገቡ። ካርዱ ላይ እዳ ካለባችሁ ደግሞ ተዉት፣ ወለዱ ቦነሱን ይበላዋል።

"የመጨረሻ ቀን" የሚለው አያስደንግጣችሁ፣ ፕሮሞሽኑ በአመት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። የማይመለሰው የድሮው ዋጋ ነው። ዴልታ በፈረንጅ 2015፣ ዩናይትድ በ2019 ለራሳቸው በረራ የነበረውን ቋሚ የማይል ሰንጠረዥ አንስተዋል፣ አሁን ዋጋው እንደ ቀኑ ነው የሚወጣው፣ ለዛ ነው ገዝቶ ማስቀመጥ የማያዋጣው።

6. ሻንጣውን

በአንድ አካውንት ማይል በተለያየ ኤርላይን ስለሚበረር የሻንጣው ህግም ይለያያል፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን እዩ። በአውሮፓ በኩል ዞሮ አንድ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የሁለተኛውን ክፍያ ደርሶ መልሱን ቁጠሩና ስሌቱ ላይ ጨምሩበት። ስትሄዱ ባትፈልጉት እንኳን ስትመለሱ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ ጎረቤት "ለልጄ አድርስልኝ" ያለው ድርቆሽ አለ።