ልጃችሁ በንዴት ሲገነፍል
ልጃችሁ ሲናደድ ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጭ፣ የሚናከስ፣ ያገኘውን የሚወረውር ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ምክርም ቁጣም አይገባውም። ወሬ ቀንሱ። ትኩሱን ጀበናና ሲኒዎቹን ከአጠገቡ አንሱ፤ ጭንቅላቱ እንዳይጎዳ ትራስ ወይም ጋቢ አድርጉለት። ዝቅ ባለ ድምፅ «አለሁልህ» በሉት፤ ይበቃል።

ማታ ላይ፣ ንዴቱ ከመነሳቱ በፊት የነበረውን ደብተር ላይ ጻፉ፦ ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የቴሌቪዥን ጩኸት፣ ድንገት የተለወጠ ፕሮግራም። እየቆየ የሚደጋገመው ነገር ይታያችኋል። ሐኪም ጋ ስትሄዱም ደብተሩን ያዙ፤ በጣም ይጠቅማል።

ጎረቤት «ቅጣት ስላጣ ነው» ይላችኋል። አትስሙ፤ ዱላ ያባብሰዋል። እናንተም ሰው ናችሁ፣ ይደክማችኋል። እህት ወይም አክስት በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጁን ትያዝላችሁ። በዚያ ሰዓት ልብስ አትጠቡ፤ ተኙበት።