የጎማ ኩሽኔታ ራሳችሁ ስትቀይሩ፦ አልፈታ ባለ ብረት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አዳማ ላይ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው ሳይፋተግ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) መበላሸቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተማ ውስጥ አይደለም። ከተማ ውስጥ የባጃጁ ጩኸት ድምፁን ይውጠዋል። ፈጣን መንገዱ ላይ ወጥታችሁ 80 እና 100 ስትገቡ ግን ከአንዱ ጎማ በኩል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይነሳል፤ መሪውን ወደ አንድ ጎን ትንሽ ስታዘነብሉት ይጨምራል፣ ወደ ሌላው ስትመልሱት ይቀንሳል። ያኔ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ።

ራሴ እቀይረዋለሁ የሚል ሰው ደስ ይለኛል። አዲሱን መግጠም ከባድ አይደለም፣ የሚከብደው አሮጌውን መፍታት ነው። ለዓመታት ጭቃና የላቫጆ ውሃ የጠጣ ብረት በጨዋ ደንብ አይለቅም። ሰው ደግሞ እምቢ ሲለው ይናደድና ትልቁን መዶሻ ያነሳል። ኩሽኔታ ሊቀይር የተነሳ ሰው ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) እና የፍሬን ዲስክ ገዝቶ የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በብዛት የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

መኪናውን በክሪክ አንስቶ ትልቁን ዳዶ መታገል

የሴሚያሱ ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ በጣም ጠብቆ ነው የሚታሰረው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2008 የተሠሩ ኮሮላዎች ላይ የፊቱ 216 ኒውተን ሜትር ነው። አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ ገደማ ማንጠልጠል በሉት፣ ያውም ዝገቱ ሳይቆጠር። ይህን ጉልበት በክሪክ በቆመ መኪና ላይ ማሳረፍ መኪናውን ራስ ላይ መጣል ነው። የአዳማ አፈር ደግሞ ልቅ ነው፣ ክሪክ ይሰምጥበታል።

ጎማው መሬት እንደረገጠ የመሃል ሽፋኑን አውጡ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፣ ዳዶውን ትንሽ ብቻ አላሉት። ከዚያ በኋላ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ክሪኩ ስር ወፍራም ጣውላ አድርጉ፣ ካነሳችሁም በኋላ በካቫሌቶ (በብረት ማቆሚያ) አስደግፉት። ብሎኬት እንዳታምኑ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳዶው መቆለፊያ አለው። ወይ ኮፒልያ (በቀዳዳ አልፎ ዳዶውን የሚይዝ የሽቦ ቁልፍ) አለበት፣ ወይ ከንፈሩ ወደ ሴሚያሱ ጎድጓዳ ተደፍጥጦ ገብቷል። ኮፒልያውን አውጡ፣ የተደፈጠጠውን በቀጭን ስካርፔሎ (የብረት መሮ) ቀና አድርጉ። ይህን ሳያደርጉ ማዞር ጥርሱን ይበላዋል። ቡሶላውም (ዳዶው ላይ የሚሰካው ቁልፍ) ከዳዶው ማዕዘን ጋር ልክ ይሁን፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶን ባለ 12ቱ ያንሸራትተዋል።

ዝገት ማስለቀቂያ ነፍቶ ወዲያው ቁልፍ ማንሳት

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይህ ነው። ዘይቱ በጥርሱ መሃል ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። ማታ ንፉት፣ ጠዋት ድገሙት፣ በመሃል የቡሎኑን ራስ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። ደብሊውዲ 40 መጀመሪያ የተሠራው እርጥበትን ለማባረር ስለሆነ በጣም ለተያዘ ቡሎን ለማስለቀቅ ብቻ የተሠራውን ዓይነት ፈልጉ። ዲስኩና የፍሬን ሸራው ላይ ግን እንዳይረጭ።

ቁልፉን ስታነሱም መጀመሪያ ጥቂት አጥብቁት፣ ከዚያ ፍቱ። ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። አንድ ጊዜ ተለቀቀ ብሎ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ መጎተት ቡሎኑን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ቡሎን ደግሞ ቶርኖ ቤት ይወስዳችኋል።

የሴሚያሱን ጫፍ በመዶሻ መደብደብ

ዳዶው ወጣ፣ ሴሚያሱ ግን ከሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ጥርስ ጋር ተጣብቆ አልወጣም አለ እንበል። ጫፉን በቀጥታ ስትመቱት ብረቱ ወደ ጎን ይደፈጠጣል፣ እንደ እንጉዳይ ራስ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ በሀቡ ቀዳዳ አያልፍም፣ ዳዶም አይዝለትም። ዳዶውን መልሱና ከሴሚያሱ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን አዙሩት፣ ላዩ ላይ ጠንካራ እንጨት ወይም የመዳብ ቁራጭ አድርጋችሁ ምቱ። ከዚህም የሚሻለው ጎታች ነው፣ ሀቡን ይዞ ሴሚያሱን በቡሎን የሚገፋው። እየገፋችሁ ሀቡን ከጎን አንድ ሁለቴ መምታት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዲስኩ ሲጣበቅ ዝም ብሎ መቀጥቀጥ

ከመምታታችሁ በፊት ፊቱን በብሩሽ ጥረጉና እዩ። ብዙ ዲስኮች ላይ ሁለት ትናንሽ ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች አሉ፣ በቶዮታዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ይገባባቸዋል። ሁለት ቡሎን አስገብታችሁ በየተራ ስታጠብቁ ዲስኩ ራሱን ከሀቡ ይገፋል፣ "ጧ" ይልና ይለቃል። ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) በፍሬን ጎማ ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ እሰሩት።

ሀቡን ቀጥታ ወደ ውጭ መሳብ

የብዙ ቪትዝ የኋላ ኩሽኔታ ከሀቡ ጋር አንድ ላይ ሆኖ ከጀርባ በአራት ቡሎን ይታሰራል። ቡሎኖቹ ወጥተው እንኳ ዝገቱ ይይዘዋል። ስትስቡት አይንቀሳቀስም። የሀቡን ጆሮ (ቡሎን የሚገባበትን ጠርዝ) ከጎን መትታችሁ ወደ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ አንዴ ከዞረ ዝገቱ ተሰብሯል ማለት ነው። የኤቢኤስ ሴንሰሩን (የጎማውን ፍጥነት የሚለካውን) ከዚህ በፊት አውጡ፣ ካልወጣም ሶኬቱን ንቀሉና እዚያው ተዉት። በፒንሳ ይዞ የሚጠመዝዝ ሰው ፕላስቲኩን ይሰብረዋል።

እሳት

እሳት ይሠራል፣ ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው። የሚሞቀው ቡሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ብረት ነው፣ እሱ ሲሰፋ ቡሎኑን ይለቃል። የፍሬን ቱቦ፣ የሴሚያስ ጎማ ሽፋንና ሾክ አብዞርበር አጠገብ እሳት አታስጠጉ። ይህን ደግሞ በደንብ ያዙልኝ፦ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የተነፋበትን ብረት አታሙቁ። ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ጋዝ ይወጣል፣ ሰውም ሊገድል ይችላል። በቤንዚን የታጠበውንም አታሙቁ፣ እሳት ይይዛል።

አሮጌው የኩሽኔታ ቀለበት ሀቡ ላይ ከቀረ በመዶሻ አትሰባብሩት። ጠንካራ ብረት ስለሆነ ስብርባሪው ይፈናጠራል፣ ዓይን ያወጣል። መነጽር አድርጋችሁ በግራይንደር ሀቡን ሳትነኩ ሊያልፍ ትንሽ እስኪቀረው ቁረጡት፣ ከዚያ በስካርፔሎ አንድ ጊዜ ስትመቱት ይሰነጠቃል።

ስትመልሱ መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ብረትና ብረት የሚገናኙበት ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ፣ የጎማ ዳዶዎችና የዲስኩ ፊት ላይ ግን አይነካ። በፕሬስ የሚገባ ኩሽኔታ ናክሉ (ኩሽኔታውን የሚይዘው ብረት) ውስጥ ሲገባ የሚገፋው ከውጭኛው ቀለበት ነው። በውስጠኛው ከተገፋ አዲሱም ሳይሠራ ተበላሸ። አዳማ ደግሞ ንፋሷ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያዞር ከተማ ናትና ኩሽኔታውን ከላስቲኩ የምታወጡት ሁሉም ነገር ጸድቶ ሲያልቅ ነው። የተደፈጠጠውን አሮጌ ዳዶ አትመልሱ፣ አዲስ ግዙ፣ የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ቶርክ ቁልፍም እሰሩት።