ግድግዳና ኮርኒስ ከመብሳታችሁ በፊት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

የሳር ክዳን ቤት ጭሳም ቢሆንም ይተነፍሳል። ጭሱ በሳሩ መሃል እየሰረገ ይወጣል፣ በግድግዳውና በክዳኑ መሃል ባለው ክፍተትም ነፋስ ይገባል። አሁን ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ብትሄዱ በየመንገዱ የምታዩት ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይመታል፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፣ በሩና መስኮቱ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ላሜራ ይሆናል። ቤቱ ያምራል፣ ግን አየር የሚገባበትም የሚወጣበትም የለውም። የእንጀራው እንፋሎትና የቡናው ከሰል ጭስ እዚያው ይከማቻል፣ ጥግ ጥጉ ይሻግታል፣ ልጆች ሲያስሉ ያድራሉ። በመጨረሻ ባለቤቱ መሮና መዶሻ አንስቶ አንድ ቦታ ይበሳል። መብሳቱስ ጥሩ፣ ችግሩ አበሳሱ ላይ ነው።

አንድ ቀዳዳ በቂ ነው ማለት

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይሄ ነው። አየር እንዲወጣ የሚተካው አየር መግባት አለበት። በርና መስኮቱ ተዘግቶ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ ጭሱ ይንቀረፈፋል፣ እንዲያውም ነፋስ ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ መውጫው ኮርኒሱ ሥር፣ መግቢያው ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ከተቻለም በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ይሁን። በሁለቱ መሃል ያለው ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ደህና አድርጎ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱንም ቀዳዳ ጎን ለጎን ኮርኒስ ሥር የሚበሱ አሉ፤ ያ ከአንድ ቀዳዳ ብዙም አይሻልም። የሻወር ክፍል ከሆነና ግድግዳው የማይመች ከሆነ በሩን ከሥሩ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር እንደ መግቢያ ያገለግላል።

መጠኑም ያሳስታል። ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ሁለት ብበሳ ከባለ 10 ጋር እኩል ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይሆንም፣ አራት ያስፈልጋል። ለአንድ ክፍል ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ቆርጦ መክተት ጥሩ መነሻ ነው፣ ማድ ቤት ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ቡታጋዝ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚያፈተልከው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ነው የሚተኛው። ላይ ያለው ቀዳዳ አያወጣላችሁም፤ ከወለሉ አጠገብም መውጫ ያስፈልገዋል።

ኮርኒሱን ብቻ በስቶ መተው

ይሄ ስህተት ቶሎ አይታይም፣ ለዚያ ነው የሚብሰው። ኮርኒሱ ይበሳል፣ ጭሱና እንፋሎቱ ሽው ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ክፍሉ ይጠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን የት ሄደ? ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መሃል ነው ያለው። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ሌሊቱን አስቡት፦ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፣ ቆርቆሮው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ያን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆንና ጠብ ጠብ ይላል። ቺፕውድ ኮርኒስ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ጠርዙ የጠቆረ ቡናማ ክብ ነው። ቀጥሎ ቺፕውዱ ያብጣል፣ ምስማሩ ይዝጋል፣ ኮርኒሱ የተመታበት እንጨት፣ ሞራሌው፣ መበስበስ ይጀምራል። ሰው ግን ቆርቆሮው ያፈሳል ብሎ ጣራ ላይ ወጥቶ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ፍሳሹ በበጋም ካለ፣ በተለይ እንጀራ በተጋገረ ማግስት ከታየ፣ ዝናብ አይደለም።

መፍትሔው ቱቦውን ከኮርኒሱ ቀዳዳ ጀምሮ እስከ ውጭ ድረስ ማድረስ ነው። እኔ ብመርጥ ቆርቆሮውን ጨርሶ አልነካም፤ ከኮርኒሱ በላይ ባለው የጎን ግድግዳ አወጣዋለሁ። የግድ በቆርቆሮው ማለፍ ካለበት በጉብታው በኩል ይበሳ፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ዙሪያውም ላሜራ ለብሶ በደንብ ይደፈን።

እሳት ካለበት ነገሩ ሌላ ነው። የምድጃ ጭስ በፒቪሲ አይወጣም፣ ፒቪሲ በ80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። የቆርቆሮ ወይም የላሜራ ቱቦ ነው የሚያስፈልገው። ነጠላ ላሜራ ከሆነ ከሞራሌውም ከኮርኒሱም 45 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ደግሞ ይሄን እንደ ቀላል አትዩት። ኮርኒስ ውስጥ የተያያዘ እሳት እስኪታይ ድረስ ብዙ ርቀት ሄዷል።

ያገኙት ቦታ ላይ መሮ ማሳረፍ

የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ቀስ ብላችሁ እየመታችሁ ሂዱ። ቋሚው ባለበት ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ነው፣ ጭቃ ብቻ ባለበት ይደፈናል። ቀዳዳው በሁለት ቋሚና በሁለት ማገር መሃል ይግባ። ማገሩን መቁረጥ ግድ ከሆነ ጫፍና ጫፉን ከጎን ቋሚዎቹ ጋር መልሶ ማሰር ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ምርጉ ከዚያ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ከመብሳታችሁ በፊት ቦታውን ውሃ አርከፍክፉበት፣ ሳይፈረካከስ ይቆረጣል። ሲያልቅ ጠርዙን ጭድ ባለው ጭቃ ምረጉት።

ብሎኬት ቤት ላይ ኮለኑን (የኮንክሪት ምሰሶውን)፣ ከበርና ከመስኮት በላይ ያለውን አርኪትራቭ፣ ከላይ የዞረውንም ቢም አትንኩ። መሮው ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ካገኘ እዚያው አቁሙና ቦታ ቀይሩ። ፌሮ በግራይንደር ቆርጦ መቀጠል የሚባል ነገር የለም።

ከአንድ ወገን ብቻ በመዶሻ መደብደብም ጥፋት ነው፤ የሌላው ወገን ልስን እንደ ሰሃን ተገንጥሎ ይወድቃል። በድሪል ክቡን ተከትላችሁ ደርድራችሁ ብሱ፣ መሃሉን አንድ ቀዳዳ እስከ ውጭ አሳልፉና ከውጭ ደግሞ ጀምሩ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት መሆኑንም አትርሱ። ቱቦ ሳይገባበት ወይም ዳሩ በሲሚንቶ ሳይደፈን ከቀረ አይጥ በዚያ ገብታ በግድግዳው ውስጥ ትመላለሳለች።

ኤሌክትሪኩን ሳታጠፉ አትጀምሩ። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከማብሪያና ከሶኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የሠራው ሰው አቋርጦ አሳልፎት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቆጣሪው ይዘጋ፣ ድሪል ካስፈለገ ደግሞ ከሌላ ቤት መስመር ይሳብ።

ዝናብና ትንኝን መርሳት

ቱቦው ወደ ውጭ ትንሽ ይዘንበል። በ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳችሁ ውሃ ይጠጣል። የትኛው ወገን እንደሚመታ ለማወቅ ደግሞ ሐምሌ ላይ ከዝናብ በኋላ ወጥታችሁ የራሰውን ግድግዳ ማየት ነው፤ የሚቻል ከሆነ በዚያ በኩል አትብሱ፣ ካልሆነም ከላሜራ ጥላ ሠርታችሁ ከላዩ አድርጉ።

ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ያላችሁ ወባ አለባችሁ። ወንፊት የሌለው ቀዳዳ አትተዉ። ወንፊት ግን አየር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቀዳዳው ሰፋ ይበል። የማድ ቤት ወንፊት በጥላሸትና በዘይት ይደፈናል፤ በምስማር ከተመታ ማንም ፈትቶ አያጥበውም፣ በብሎን ይሁን።

ቀዳዳ አለን ብሎ ከሰል ይዞ መተኛት

ይሄን ደጋግሜ እላለሁ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር ደህና ነው ብለን ወደ መኝታ ቤት እናስገባዋለን፤ ፍሙም እኮ መርዙን ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና ድካም ይመጣል፣ የተኛ ሰው ግን አይነቃለትም። ቀዳዳው ለቀን ማብሰያ ይረዳል እንጂ ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉ ከቤት ይውጣ። ብርዱን በብርድ ልብስ ተቋቋሙት።

ብርድ ገባ ብሎ መወተፍ

የተበሳ ቀዳዳ ኅዳር ላይ በጨርቅ ሲወተፍ ያላየ የለም። «ብርድ መታኝ» የሚል ሰው ቀዳዳው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። መግቢያው ከአልጋው ራስጌና ከምትቀመጡበት ቦታ ይራቅ። ክዳን ያለው፣ የሚጠብና የሚሰፋ ነገር ከላሜራ ብታሠሩለት ደግሞ መወተፉ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ የማይዘጋ ይሁን ብቻ።

ተከራይ ከሆናችሁ ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ፣ መውጫውም የጎረቤት መስኮት ፊት ለፊት አይሁን።

ሥራው ሲያልቅ በርና መስኮት ዘግታችሁ ዕጣን አጭሱና መጀመሪያ ወደ ታችኛው ቀዳዳ አስጠጉት። ጭሱ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ከዚያ ወደ ላይኛው አስጠጉት፣ እዚያ ወደ ውጭ መሳብ አለበት። ላይኛው ላይ ከተመለሰ የታችኛው ጠብቧል ወይም ወንፊቱ ተደፍኗል። በሚቀጥለው ቀንም፣ ነፋሱ ሲለወጥ፣ አንዴ ድገሙት።