ክላሽ ሲጸዳና ሲቀመጥ ጀማሪ ጥበቃዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ በመጋዘንና በፋብሪካ በር የሚመደብ አዲስ ጥበቃ ብዙ ጊዜ የሚረከበው ክላሽ ነው። «ክላሽ አይበላሽም» የሚለው አባባል ግን ብዙ መሣሪያ አስበልቷል፤ ሰውም ጎድቷል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ሳይነቅሉ ማቀባበል ነው። ጀማሪው ማቀባበያውን ይስባል፣ ጥይት ተፈናጥሮ ሲወጣ ያያል፣ ከዚያ ካዝናውን ይነቅላል። ማቀባበያው ወደ ፊት ሲመለስ ግን ሌላ ጥይት አጉርሷል። «ባዶ ነው» የተባለ መሣሪያ ሰው የሚመታው እንዲህ ነው። ስለዚህ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዙሩ፤ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፤ መጀመሪያ ካዝናውን ይንቀሉ፤ መጠበቂያውን ወደ ታች አውርደው ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ይሳቡ፤ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንም በትንሿ ጣትም ይፈትሹ። ጥይቱንም ከሚያጸዱበት ክፍል ያውጡት። ተረኛ ለተረኛ ሲያስረክብም ተረካቢው ራሱ ይፈትሽ፤ ባልደረባን አለማመን አይደለም፣ ሥራው ነው።

ሁለተኛው ከተኩስ በኋላ በላምባ ብቻ ጠርጎ ማስቀመጥ ነው። የብዙ አሮጌ የክላሽ ጥይት ካፕሱል (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ክፍል) ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ላምባም ዘይትም አያሟሙትም፣ ውሃ ነው የሚያሟሟው። በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ በወላንዶ (በማጽጃ ዘንግ) ደጋግመው በአፈሙዙ ያሳልፉ፤ የጋዝ ቱቦውንና ፒስተኑን አይርሱ፣ ዝገቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው ስስ ዘይት ይቀቡ። ሐረር ላይ ደግሞ በቀዝቃዛ ሌሊት ውጭ ያደረ ብረት ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ውሃ ያወርዛል፤ ሳይወለወል አይቀመጥ።

ዘይት ማብዛትም ጥፋት ነው። የድሬዳዋ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ጥይት የሚጎርስበት ቦታ በዘይት ከራሰ ቀለሁ (ባሩዱን የያዘው የጥይቱ ቅርፊት) ግድግዳውን መያዝ ያቅተውና ግፊቱ በሙሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይቀቡ፤ አሲድና የብረት ብናኝ አለበት።

ክላሽ ኋላው ስለተዘጋ ወላንዶው የሚገባው በአፈሙዝ በኩል ነው። በሰደፉ ውስጥ ያለው የማጽጃ ዕቃ ክዳን ለዚህ ተሠርቷል፦ አፈሙዙ ላይ ይገጠምና ወላንዶውን መሐል ለመሐል ይመራዋል። ያለ እርሱ ሲጠርጉ ወላንዶው የአፈሙዙን ጠርዝ ይፍቃል። አረሩ በመጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ስለሆነ ተኩሱ ይስታል።

አቧራ እንዳይገባ ብለው አፈሙዙን በጨርቅ አይወትፉ። ተረስቶ ከተተኮሰ ብረቱ ያብጣል ወይም ይፈነዳል።

ጥይት በቆዳ ዝናር አይከርምም። ቆዳው ሲለፋ የቀሩ ኬሚካሎች ናስ የሆነውን ቀለህ አረንጓዴ ዝገት ያለብሱታል። የዛገ ወይም የተጎረበጠ ጥይት ተወልውሎ አይመለስም፣ ለኃላፊ ይሰጣል። ደህናው በደረቅ ክዳናማ ሣጥን፣ በጥላ ይቀመጥ፤ ቀትር ላይ የሚግል የቆርቆሮ ቤትና ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ባሩዱን ያደክሙታል።

የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ መልሶ ለመሙላት ማሰብ ደግሞ ከነአካቴው ይቅር። የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት ነው፤ አንዴ ከተለጠጠ እንደ ናስ አይታዘዝም። የሽጉጥ ባሩድ ከጠብመንጃው ባሩድ ፈጥኖ ይነዳል፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው መሣሪያው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል።

ጥይት ሲከሽፍ ወዲያው አይክፈቱ። ባሩዱ ዘግይቶ ሊነድ ስለሚችል አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያውጡት። ተኩሱ ከወትሮው የደከመ ድምፅ ከሰጠ ግን አረሩ በአፈሙዙ ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ሁለተኛ ጥይት አይተኩሱ፣ መሣሪያውን አራግፈው ቱቦው ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ ወደ ሥራ አይመልሱት።